«ሙሉ ኦሪጅናል ነው» ከመባሉ በፊት ቸርኬው ይገልበጥ

እንደሚታወቀው በአገራችን የመኪና ገበያ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ያህል ያለ ዋስትና የሚሸጥ ነገር የለም። ሻጩ ይለዋል፣ ደላላው ይደግመዋል፣ ገዢውም ማመን ስለሚፈልግ ያምነዋል። መኪናው የቅርብ ጊዜ ምርት ሲሆን የቃሉ ጉዳት ቀላል ነው፤ ሰነዱ ይናገራልና። ሃምሳ ወይም ስድሳ ዓመት የቆየ፣ ታድሶ እንደ አዲስ ያብረቀረቀ ቮልስ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ ገዢው ዋጋ ጨምሮ የሚከፍለው ለዕድሜው ነው። ዕድሜው ሐሰት ከሆነ ሌላ ዕቃ ተሽጦለታል ማለት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ ካራ ላይ ያየሁት ነው። አንድ የማከብራቸው ጡረተኛ መምህር በወጣትነታቸው ቮልስ ነበረቻቸው። ቤተሰብ ሲበዛ ሸጧት። ዛሬ ልጆቻቸው አድገው ውጭ አገር ናቸውና ልጆቹ ከላኩላቸውና እሳቸው ከቆጠቡት ገንዘብ አንዲት ቮልስ ሊገዙ ተነሱ። እኔ ቀደም ሲል መርካቶ ሶማሌ ተራ ጥቂት ዓመታት መለዋወጫ ስለሸጥኩ «አብረኸኝ ሂድ፣ ዓይንህ ያውቃል» አሉኝ። ከመገናኛ ተነስተን በኮተቤ በኩል አድርገን ካራ ደረስን። ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፈው የጭነት መኪና አቧራ ካለፈ በኋላ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት አቅጣጫ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪናዋን አገኘናት።

መኪናዋ ታምራለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ባትላሜራው ተስተካክሏል፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ያሳያል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ደላላው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ይቺ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ አንድ ብሎን አልተነካም። የስልሳ ሞዴል፣ ሙሉ ኦሪጅናል!» አላቸው።

መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይኸኔ ነው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው። እኔም «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«የስልሳ» ማለት በየትኛው ስልሳ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። አገራችን የራሷ የዘመን አቆጣጠር አላት። ቮልሱ ግን የተሠራው ጀርመን ነው፤ በብረቱ ላይ የተመታው ቀንም የፈረንጅ ነው። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። አንዱ ሊብሬ ላይ «1960» ተብሎ ሲጻፍ በእኛ ይሆናል፤ ሌላው ላይ «1968» ሲባል በፈረንጅ ይሆናል። መኪናው ያው አንድ ነው። ደላላ «የስልሳ» ሲል ያገሩ ገዢ እንደ እኛ ይሰማዋል፤ ከውጭ የመጣው ዘመድ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1960 ብሎ ይሰማዋል፤ ስምንት ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው መስሎት ዋጋ ይጨምራል። ማንም አልዋሸም፣ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ቮልስን በተመለከተ ይህን የሚፈታ ቀላል ሂሳብ አለ። የሻንሲው ቁጥር የኋላውን ወንበር ሲያነሱ በወለሉ መሐል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከፊት ኮፋኖው ተከፍቶ ስኮርታ ጎማው ከሚቀመጥበት በስተጀርባ ያለው ሰሌዳ ላይም አለ። ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ከኦገስት 1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጀርመን የተሠሩት የተለመዱት ቮልሶች ቁጥራቸው በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ያሳያል። 115 ማለት የ1965 ሞዴል፣ 118 ማለት የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ባለ አሥር አኃዝ ሆኖ 110 2 እያለ ይቀጥላል። ከ1964 በፊት የነበሩት ግን ይህ ምልክት የላቸውም፤ ተራ ቁጥር ብቻ ነው የተመታባቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ1960 ነው የተባለ መኪና በ118 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሊገኝ አይችልም።

ፋብሪካው የሞዴሉን ዓመት የሚቆጥረው ከኦገስት እስከ ጁላይ ነበር። የ1968 ሞዴል ሥራው የተጀመረው በኦገስት 1967፣ ማለትም በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ላይ ነው። ከዕንቁጣጣሽ በፊት ስድስት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ የቮልስ የሞዴል ዓመትና የእኛ ዓመት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከሞዴሉ ዓመት ላይ ስምንት ሲቀነስ የእኛ ዓመት ይገኛል፤ የ1968 ሞዴል የእኛ 1960 ነው። ስህተቱ ከስድስት ሳምንት አይበልጥም።

የካራዋ መኪና ቁጥር በ118 ይጀምራል። ሊብሬው 1960 ይላል። ሁለቱ ተስማሙ። ደላላው ፈገግ አለ። መምህሩም ፈገግ አሉ። እኔ ግን ገና መጀመሬ ነበር።

ብረት ቀኑን ይናገራል

የሻንሲው ቁጥር የሚናገረው ስለ ሻንሲው ብቻ ነው። በላዩ ላይ የተሰካውን ዕቃ ዕድሜ የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው። የዚያ ዘመን አምራቾች ለራሳቸው ጥራት ቁጥጥር ሲሉ በየዕቃው ላይ የተሠራበትን ወርና ዓመት ይመቱ ነበር። ያን ጊዜ ለገበያ ብለው አላደረጉትም፤ የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ በየትኛው ወር እንደተሠራ ለማወቅ ነበር። ዛሬ ግን ለእኛ ምስክር ሆኗል።

ቸርኬውን እንውሰድ። የቮልስ የብረት ቸርኬ ላይ የአምራቹ ምልክትና የተሠራበት ወርና ዓመት ተመትቶ ይገኛል። «11 67» ካለ ኖቬምበር 1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 1960 ዓ.ም. ይውላል። ጎማው ሲወልቅና ቸርኬው ሲገለበጥ፣ ጭቃውና ቀለሙ ሲነሳ ይነበባል። የፍጥነት መለኪያው ላይ ደግሞ ፋው ዴ ኦ የተባለው የጀርመን አምራች ወሩንና ዓመቱን በትንሽ ጽሑፍ ያትም ነበር፤ መለኪያው ሲወልቅ ወይም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይነበባል። የመስታወቶቹ ማዕዘን ላይም የአምራቹ ማኅተም አለ። በዚያ ውስጥ ያሉት አኃዞችና ነጠብጣቦች የምርቱን ጊዜ የሚያሳዩ ናቸው። አፈታታቸው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሰንጠረዡን ሳይዙ መገመት አያስፈልግም፤ ነገር ግን አምስቱ መስታወቶች አንድ ዓይነት ማኅተም ይዘው አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ ያ አንዱ ተቀይሯል ለማለት ሰንጠረዥ አያሻም።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ መያዝ ይገባል። ዕቃ ከመኪናው ቀድሞ ይሠራል። ስለዚህ የዕቃው ቀን ከመኪናው ቀን በጥቂት ሳምንት ወይም በጥቂት ወር ቢቀድም ትክክል ነው። ከመኪናው በኋላ የተሠራ ዕቃ ግን ከፋብሪካ አብሮ ሊወጣ አይችልም፤ በኋላ የገባ ነው። በብዙ ዓመት የሚቀድም ከሆነም ከሌላ መኪና የተነቀለ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ አይወለድም የሚለውን የተረዳ ሁሉ ይህንንም ይረዳል።

የካራዋን መኪና ጎማዎች አስወልቀን ቸርኬውን በቤንዚን አጠብን። ከአምስቱ ሦስቱ የ67 መጨረሻ ወራት ናቸው። አንዱ 71፣ አንዱ 72 ይላል። የፍጥነት መለኪያው 67 ነው። ደላላው «ቸርኬ ምን ዋጋ አለው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ቸርኬ መቀየሩ ነውር አይደለም። ነገር ግን «አንድ ብሎን አልተነካም» የሚለው ንግግር በዚያው ቅጽበት ወደቀ።

ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ዞርን።

ሞተሩና ሊብሬው ሲጣሉ

የቮልስ ሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ በታች በሞኖብሎኩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። ዲ ባለ 1200 ነው። ኤፍ ከ1966 እስከ 1970 ሞዴል የነበረው ባለ 1300 ነው። ኤች ባለ 1500 ነው። ኤ ቢ የሚለው ጥምር ፊደል ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ባለ 1300 ነው።

ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር በኤፍ ይጀምራል። ከመኪናዋ ዕድሜ ጋር ይስማማል። ሞተሩ ላይ ያነበብነው ግን በኤ ቢ ይጀምራል።

ጋራዡ ጸጥ አለ። ይህ ከእንግዲህ የኦሪጅናልነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለውና መኪናው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ካልተገናኙ ገዢው በስም ዝውውር ጊዜ ወይም በዓመታዊ ምርመራ ላይ ችግር ይገጥመዋል፤ «ይህ ሞተር ከየት መጣ?» ሲባል የሚመልሰው የለውም። መምህሩ የልጆቻቸውን ገንዘብ ከፍለው ወደ ቤታቸው የሚወስዱት ክርክር ነበር ማለት ነው።

የጋራዡ ባለቤት እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። ደላላውን ገላመጡና «እኔ ኦሪጅናል ነው አላልኩም። የጠየቀኝም የለም። የፊተኛው ባለቤት ዘመን ሞኖብሎኩ ሲሰነጠቅ ከሌላ ቮልስ ሙሉ ሞተር አውርደን ገጠምን። ማስመዝገቡን እሱ ሳያደርገው ቀረ» አሉ።

«አሮጌው የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«እዚያ ጥግ ከጆንያው ሥር ነው። ቅዳሜ ለቁራሌው ልሰጠው ነበር።»

ጆንያውን አነሳነው። የተሰነጠቀውን ሞኖብሎክ አውጥተን በብሩሽና በቤንዚን አጠብነው። ፊደሉ ኤፍ ነው። መምህሩ ሊብሬውን ይዘው አንድ በአንድ ሲያነቡ እኔ ከብረቱ ላይ ተከተልኳቸው። እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ አንድ ነው።

የመኪናዋን የትውልድ ታሪክ የሚመሰክረው ዋናው ዕቃ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ማቅለጫ ሊሄድ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ስለ ምን ይቆጨናል?

እዚህ ላይ መካኒኮቻችንን ለመውቀስ የሚነሳ ካለ ይታገስ። ቮልስ በአገራችን እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው በእነሱ እጅ ነው። የውጭ ምንዛሪ በጠፋበትና መለዋወጫ በማይገባበት ዘመን ከሦስት መኪና አንድ መኪና አውጥተው አስነድተዋል። ጀርመን የቮልስን ምርት እ.ኤ.አ. በ1978 አቆመች። የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ላይ ከፋብሪካ ወጣች፤ ጠቅላላ ድምሩ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ደርሶ ነበር። የእኛዎቹ ግን ዛሬም ዳገት ይወጣሉ። ስለዚህ የተቀየረ ዕቃ ያለበት መኪና የተበላሸ መኪና አይደለም። ሠርቶ የኖረ መኪና ነው። የሚያስነውረው የተቀየረውን አልተቀየረም ማለት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት ያገኘው ገበያው ስለተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች በቆዩ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ይህ ማለት አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥለው አስቀድሞ እዚሁ ባለው ላይ ነው። ባለው ላይ ደግሞ የሚጨመር የለም፤ በየዓመቱ ይቀንሳል እንጂ። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የንጉሡን ዘመን መኪናዎች ለእይታ ማቅረቡም አሮጌ መኪና ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው እንዲያስብ አድርጓል። የማይጨመር ዕቃ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ አስመሳዩ ይመጣል።

አስመሳዩ እንዴት እንደሚመጣ ከሌሎች ማየት እንችላለን። በአሜሪካ የቆዩ መኪናዎች ገበያ የሞተሩ ቀንና ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙ ትልቅ የዋጋ ልዩነት ያመጣል። የጄኔራል ሞተርስ ሞኖብሎክ ላይ ሲቀለጥ የተሠራበት ቀን በፊደልና በቁጥር ይወጣ ነበር፤ ወሩ ከኤ እስከ ኤል ባሉት ፊደላት ይወከላል፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ። ሲ 14 7 ማለት ማርች 14 ቀን፣ ዓመቱ በ7 የሚያልቅ ነው። ፎርድ ደግሞ ዓመቱን ያስቀድምና ወሩን በፊደል ያስከትላል፤ አይ የተባለውን ፊደል ከአንድ ጋር እንዳይምታታ ይዘለዋል። ዓመቱ አንድ አኃዝ ብቻ ስለሆነ 1967ን ከ1977 ለመለየት የዕቃውን ቁጥር ጭምር ማየት ግድ ይላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ እንደሚያወጣ በታወቀ ጊዜ ምን ሆነ? አሮጌውን ቁጥር ፍቀው አዲስ የሚመቱ ሰዎች ተነሱ። ቀኑ ዋጋ ባለው ገበያ ሁሉ የሐሰት ቀን የሚመታ ይኖራል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውም ሻጭ አይታመንም፤ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል።

እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። ለዚህ ነው አሁን መናገር ያለብን።

ሁሉ አሮጌ ዕቃ አይወደድም

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዕድሜ የሚወደድበት ዕቃና ዕድሜ የሚፈራበት ዕቃ መለየት አለባቸው። ሞኖብሎክ፣ ቸርኬ፣ መለኪያ፣ መስታወት፣ የበር እጀታ ላይ አሮጌ ቀን ክብር ነው። ጎማ፣ የፍሬን የጎማ ቱቦና የፍሬን ላስቲኮች ላይ አሮጌ ቀን አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3518 ማለት የ2018 ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ከጎሚስታ ቤት አልፎ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የካራ ዳገትና ቁልቁለት በዚህ ቀልድ አያውቅም። «ሁሉም ዕቃ የጥንቱ ነው» ብሎ የሚኩራራ ሻጭ የፍሬኑንም የጥንት ነው ካለ ገዢው በእግሩ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ዕቃ አንድ ቀን ላይ ለማምጣት ብሎ ከሌላ መኪና የሚነቅልም አለ። ደህና የቆየችውን ሁለተኛ መኪና በትኖ የመጀመሪያዋን «ኦሪጅናል» ማድረግ ትርፍ አይደለም፤ ከሁለት አንድ ማድረግ ነው።

አንድ ገጽ ወረቀት

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም፤ መመሪያም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የታደሰ አሮጌ መኪና ሲሸጥ ከውሉ ጋር አብሮ የሚያያዝ የዕቃ ዝርዝር ይኑር። በዝርዝሩ ላይ ሻንሲ፣ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ካርቦራተር፣ ዲናሞ፣ ቸርኬ፣ መለኪያና መስታወት ይጻፉ። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት የተነበበው ቁጥርና ቀን እንዳለ ይስፈር። ከዚያም ከሦስት ቃላት አንዱ ይመረጥ፦ የመኪናው የራሱ፣ የዘመኑ ግን ከሌላ የመጣ፣ ወይም አዲስ። ያልተነበበው ያልተነበበ ይባል። ዓመተ ምሕረቱም የእኛ ይሁን የፈረንጅ ከጎኑ ይጻፍ። ሻጩም ገዢውም ይፈርሙበት።

ጋራዦችም የበኩላቸውን ያድርጉ። ቀለም ከመቀባቱና ስቱኮ ከመደረጉ በፊት በየቁጥሩ ላይ ፎቶግራፍ ይነሳ፤ ዛሬ ስልክ የሌለው መካኒክ የለም። የተመታ ቀን ያለበት ቦታ በመፋቂያ አይነካ፣ በወፍራም ቀለምም አይደፈን። የወረደ ዕቃ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለቁራሌው አይሰጥ። ቁራሌው ጥፋት የለበትም፤ የሰጡትን ይወስዳል። ግን እዚህ በኪሎ የተሸጠው ቸርኬ ነገ ሌላ ሰው በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የሚያስመጣው ቸርኬ እንደሆነ ማስላት የነጋዴ ሥራ ነው።

ሕጉም ቢሆን ባዶ እጃችንን አልተወንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሚያስረክበው ዕቃ ከውሉ ጋር እንዲስማማ ግዴታ ይጥልበታል፤ ገዢውም የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ይጠይቀዋል። በውሉ ላይ «አንድ ቮልስዋገን መኪና» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ገዢው ምን ይዞ ይከራከራል? «ሞተሩ የራሷ ነው» ተብሎ ከተጻፈ ግን ቃሉ ውል ሆነ።

ደላሎች ይህን ሲሰሙ «ገበያ ታበላሻለህ» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ተቃራኒውን አየሁ። ካራ ላይ መምህሩ ጥለው አልሄዱም። ዋጋው ተቀነሰ። የመኪናዋ ባለቤት የሞተሩን መቀየር በራሱ ወጪ አስመዝግቦ ሊብሬውን ሊያስተካክል ተስማማ። አሮጌው ሞኖብሎክ ከነስንጥቁ ከመኪናዋ ጋር እንዲሄድ ተጻፈ። ሁለቱ የ71ና የ72 ቸርኬዎች በዝርዝሩ ላይ እንደ ቀናቸው ሰፈሩ። ደላላው ኮሚሽኑን አገኘ፤ ቅር ብሎት ቢሆንም አገኘ። በሳምንቱ ደግሞ ስልክ ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ሌላ ቮልስ አለኝ፤ ቁጥሯን መጥተህ ብታነብልኝ?» አለኝ። ቁጥሯ የተነበበ መኪና ቶሎ እንደምትሸጥ ገብቶታል።

ነጋዴ ወገኖቼ፣ የምንሸጠው ዕቃ ሲያልቅ የሚተካ ከሆነ በቃል መሸጥ ይቻል ይሆናል። የማይተካ ዕቃ ግን በቃል አይሸጥም። ዛሬ አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚወጣ ሰው ከኪሱ ገንዘብ ጋር ፋኖስ፣ ብሩሽ፣ ግማሽ ሊትር ቤንዚንና ደብተር ይያዝ። መጀመሪያ ወንበሩን ያንሳ፣ ቀጥሎ ከዲናሞው ሥር ይይ፣ ከዚያ ቸርኬውን ይገልብጥ። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ያድንቅ።

መምህሩ አሁን እሑድ እሑድ በዚያችው መኪና ከካራ ወደ ኮተቤ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ሞኖብሎኩን ቤታቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠውታል። እንግዳ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሊብሬውን አውጥተው ቁጥሩን ያስነብቡታል።